የአያቴ የኩል ዕቃ ከየትኛው ጠመንጃ ወጣ?

ባለፈው ወር እዚህ አንድ ጥያቄ ጥዬ ነበር። 22 መልስ መጣ። አንዳንዱ ረጅም ነው፤ አንዳንዱ አንድ መስመር። በመሃል የገባ ሰው ነገሩ እንዳይጠፋበት፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ።

የመክፈቻ ጽሑፍ

አያቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ሣጥኗን የከፈትነው ዘንድሮ ነው። ከቀሚሶቿ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የናስ ዕቃ አገኘሁ። የኩል ማስቀመጫዋ ነው። አፉ በእንጨት ውታፍ ተደፍኗል፤ ከውታፉ ጋር ቀጭን መኳያ ተያይዟል። ልጅ ሆኜ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት ስትኳልበት አይ ነበር። ምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። አሁን ገልብጬ ቂጡን ሳየው የጥይት ቀለህ ነው።

በማስመሪያ ለካሁት። ቁመቱ 46 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ጠርሙስ ትከሻና አንገት የለውም። ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው። የላቲን ፊደል የሚመስል ነገርም አለ፤ በቆሻሻና በኩል ስለተሞላ አይነበብም። ጥያቄዬ ቀላል ነው። ይህ ቀለህ የየትኛው ጠመንጃ ነው?

አብሬ የማምንበትን ነገር ጻፍኩ። ስለ ዓድዋ ስናወራ ጠመንጃ እንቆጥራለን። ጥይቱን የሚጠይቅ የለም። ጠመንጃ ግን ልኩ የሆነ ጥይት ካልጎረሰ ዱላ ነው። ውጅግራ፣ ረሚንግተን፣ ቬተርሊ፣ በርዳን የያዘ ሰው ጎን ለጎን ሲሰለፍ፣ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። የአባቶቻችን ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚገባውን ያህል ግን አልተነገረም።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው ለአያቴ ነፍስ ይማር ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ያለ ምንም ጥርጥር የምንሽር ቀለህ ነው አለ። ምክንያቱ አባቱ ነበሩ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ጠመንጃ ምንሽር ነበር የሚሉት።

መልስ 2

ሁለተኛው በትሕትና አረመው። ምንሽር የሚለው ቃል የመጣው ከማንሊሸር ነው፤ የኦስትሪያ ጠመንጃ። ነገር ግን በየአገሩ ስሙ ለሌላውም ባለ ጎራሽ ጠመንጃ ስለተሰጠ፣ አባት ምንሽር አሉ ማለት ማንሊሸር ነው ማለት አይደለም። የማንሊሸር ጥይት 8 ሚሊ ሜትር ነው። አንገቱ ቀጭን ስለሆነ የእኔን የሚያህል ወፍራም ውታፍ አይዝም። ውጅግራም እንደዚሁ ከፈረንሳይኛው ፉዚ ግራ የመጣ እንደሆነ አከለ። ፉዚ ጠመንጃ ማለት ነው። ግራ ደግሞ የሠራው መኮንን ስም ነው፤ ባዚል ግራ። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ውጅግራ ንጹሕ የአማርኛ ቃል ይመስለኝ ነበር።

መልስ 3

ሦስተኛው ሰው በጣም እርግጠኛ ነበር። ቁመቱ 46 ከሆነ መልሱ ቬተርሊ ነው አለ። የጣሊያኑ ቬተርሊ ጥይት 10.35 በ47 ተብሎ ነው የሚታወቀው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የአረሩ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ቁመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። አንድ ሚሊ ሜትር በማስመሪያ ስህተት ትጠፋለች። ስለዚህ አያቴ የተኳለችው ከዓድዋ በተማረከ ቀለህ ነው ማለት ነው። ጣሊያኖች አዲሱን 6.5 ሚሊ ካርካኖ በ1891 እ.ኤ.አ. ተቀብለውት ሳለ፣ ዓድዋ ላይ አብዛኛው ወታደራቸው የያዘው ግን አሮጌውን ቬተርሊ ቪታሊ እንደነበረ አስረዳ። አራት ጥይት ይጎርሳል። ጥይቱም በ1890 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ ተደርጎለት ነበር። እውነቴን ነው፣ ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

መልስ 4

ከዚህ በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ገቡ። ደሴ ነው የሚኖሩት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ጋሼ ቶሎ አትደምድሙ ብለው ጀመሩ።

ታሪኩን ከሥሩ አነሱት። ፈረንሳዮች በ1866 እ.ኤ.አ. ሻስፖ የሚባል ጠመንጃ ነበራቸው። ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነው። ወረቀት ይረጥባል፣ ይቀደዳል። የተኩሱ ጋዝም ወደኋላ ያመልጣል። ከፕሩሲያ ጋር ተዋግተው ከተሸነፉ በኋላ በ1874 እ.ኤ.አ. ያንኑ ጠመንጃ ለናስ ቀለህ እንዲሆን አድርገው ለወጡት። ግራ የተባለው ይህ ነው። ጥይቱ 11 በ59 ነው። 25 ግራም እርሳስ በ5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ይተኮሳል። ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር አካባቢ ነው። የሚጎርሰው አንድ ብቻ ነው። ስትተኩስ ጭሱ ፊትህን ይሸፍናል፤ ያለህበትንም ለጠላት ይናገራል።

ቀጥሎ ያሉት ነገር ለእኔ ትልቅ ትምህርት ሆነ። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባውን የለበል ጠመንጃ ስትይዝ፣ ግራው በአንድ ጊዜ አሮጌ ዕቃ ሆነ። መጋዘን የሞላ ጠመንጃና ጥይት ለነጋዴ ወጣ። በኦቦክና በታጁራ፣ በኋላም በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ አገር የጎረፈው ያኔ ነው። የአንዱ አገር ፈጠራ ለሌላው አገር በር ከፈተ። ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት አገራችን ውስጥ የድሮ ቀለህ ሲገኝ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ውጅግራ ነው። የቁመቱ ነገር ግን እሳቸውንም አስቸግሯቸዋል። 59 ነው መሆን የነበረበት።

መልስ 5

አንድ የመቀሌ ልጅ ረሚንግተንስ ለምን ተረሳ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ ደግሞ ጉራዕ ላይ፣ የአፄ ዮሐንስ ጦር ግብጾችን ድል ሲያደርግ በሺህ የሚቆጠር ረሚንግተን ተማርኳል። ጠመንጃው አሜሪካ የተሠራ ነው። ከግብጾቹ ጋር የመጡ አሜሪካውያን መኮንኖችም ነበሩ፤ ጄኔራል ሎሪንግ አንዱ ነው። ጥይቱ 11.43 በ50 ነው። 46 ከ50 ይልቅ ለ47 ይቀርባል፣ ግን የለካው ሰው ማስመሪያ ነው የተጠቀመው ሲል እኔን ወቀሰኝ። ትክክል ነበር። በማግስቱ ካሊፐር፣ ማለትም ውፍረትን በትክክል የሚለካ መሣሪያ፣ ተዋስኩ።

መልስ 6

ስድስተኛው ወደ መቅደላ ወሰደን። እንግሊዞች ስናድር የተባለውን፣ በኋላው የሚጎርሰውን ጠመንጃቸውን በትልቅ ውጊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩት በእኛ ላይ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አሮጌ ሜዳ ላይ። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲተኩስ፣ ስናድር አሥር ያህል ይተኩስ ነበር። ከፋህላ ኮረብታ የወረደው የቴዎድሮስ ጦር የገጠመው ይህን ነው። ሰውየው ቁጭቱ በጽሑፉ ይታያል። ግን ወዲያው የእኔ ቀለህ ስናድር ሊሆን እንደማይችል አስረዳ። የዚያን ጊዜው የስናድር ቀለህ የተሠራው ከስስ የናስ ሉህ ተጠቅልሎ ነው፤ ቂጡ ብረት ነው። ኮሎኔል ቦክሰር የሚባል እንግሊዛዊ ነው የፈለሰፈው። እንደዚያ ያለ ቀለህ ከመቶ ዓመት በላይ ኩል ተይዞበት ሳይተረተር አይኖርም።

መልስ 7 እና 8

እዚህ ላይ ወሬው ትንሽ ዞር አለ። ሰባተኛው ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ውጅግራ አምጥቶ የሸጠ ሰው ነው አለ። ከዚያ ተነስቶ የአያቴም ቀለህ በራምቦ ግመል የመጣ ሊሆን ይችላል ብሎ ደመደመ። ቆንጆ ታሪክ ይወጣው ነበር።

ስምንተኛዋ ግን አልለቀቀችውም። ፓሪስ የምትኖር እህታችን ናት። ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. እንጦጦ ድረስ ያመጣው 2 ሺህ ገደማ ጠመንጃ ውጅግራ ሳይሆን፣ በአፈሙዝ የሚጎርስና በካፕሱል የሚተኮስ ያረጀ ዕቃ እንደሆነ ጻፈች። አብሮ የተጫነው የናስ ጥይት ለረሚንግተን የሚሆን ነበር። የምንወደውን ታሪክ ብቻ መርጠን መያዝ የለብንም አለች። አነጋገሯ ትንሽ ስለት ነበረው። ነገሩ ግን ልክ ነው። ለእኔ ክርክር ደግሞ ጥሩ ማስረጃ ሆነልኝ። ጠመንጃው አንድ ዓይነት፣ ጥይቱ የሌላ ጠመንጃ፣ ሁለቱም በአንድ ሲራራ ነጋዴ መንገድ።

መልስ 9

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ይህ መልስ ነው። የጻፈው ሰው የነቀምት ነው፤ አያቱ ነጋዴ ነበሩ። ጥይት ገንዘብ እንደነበረ አስታወሰን።

ዛሬ ይህን ስንሰማ ይገርመናል። በዚያ ዘመን ግን ትልቁ ገንዘብ ማርትሬዛ ብር ነው። ለትንሽ ዕቃ ግን ብር ይከብዳል፤ መልስ ያስፈልጋል። መልሱ አሞሌ ጨው ነበር። በብዙ ቦታ ደግሞ ጥይት፣ በተለይም የውጅግራ ጥይት። ምክንያቱን ሲያስረዳ ነጋዴ አያቱ የሚያወሩ ይመስላል። አሞሌ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፣ ጫፉ ይሸረፋል። ጥይት ግን አይሟሟም። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጅግራ ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ሁልጊዜ ፈላጊ አለው። አፄ ምኒልክ ፓሪስ ያስቀረጹት ብር ከወጣ በኋላም ሕዝቡ ወዲያው አልለመደውም፤ በጥይት መገበያየቱ ቀጠለ።

አንድ ነገር ጨመረ። ባዶ ቀለህም አይጣልም ነበር። ተለቅሞ እንደገና ባሩድና እርሳስ ይሞላል። አንዱ ቀለህ ስንት ጊዜ ይተኮሳል። ናሱ እየደረቀ ሲሄድ በመጨረሻ አፉ ይሰነጠቃል። ያኔ ነው ለሌላ ሥራ የሚውለው። ይህችን አረፍተ ነገር ሳነብ ልብ አላልኳትም። በኋላ ነው የተመለስኩባት።

መልስ 10

አሥረኛው የእኔን አስተሳሰብ በቀጥታ ተቃወመ። የጥይት መለያየት ያን ያህል ችግር አልነበረም አለ። የድሮ ወታደር ጠመንጃውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ጥይቱንም ራሱ በዝናሩ ታጥቆ ይመጣል። ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ጥይት እያከፋፈለ የሚከተለው ጦር የአውሮፓ ጦር ነው። የዓድዋው ውጊያ ደግሞ ከማለዳ ተነስቶ በዚያው ቀን ያለቀ ነው። ያለንበትን ዘመን ችግር ወደኋላ ወስጄ እንደጫንኩ ነገረኝ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ስለ ዓድዋ ያለው አብዛኛው ትክክል ነው። ትልቁ ራስ ምታት ማለቴ ለዓድዋ በዝቷል።

መልስ 11

የጋሼ ሁለተኛ መልስ ነው። አሥረኛውን አመሰገኑ፤ ግን የእኔን ሐሳብ ወደ ሌላ ዘመን አዛወሩት። የዓድዋው ነገር ያለቀው በአንድ ቀን ነው። የ1928ቱ ጦርነት ግን ወራት የወሰደ ነው። ያኔ በእጃችን የነበረው ዝብርቅርቅ ነው። ከቤልጅግ የተገዛው አዲሱ መውዜር 7.92 በ57 ጥይት ይጎርሳል። ከጎኑ ያለው ሰው ለበል ይዟል። ሌላው ማንሊሸር። ሌላው የአባቱን ውጅግራ። ጥይቱ ያለቀበት ሰው ከጓደኛው ዝናር መበደር አይችልም። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ብዙ ሰው የጣሊያኑን 6.5 መያዝ የመረጠው ለዚህ ነው። ጥይቱን ከጠላት ስለሚማርክ።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ቦታውን አገኘ። ጋሼ ይስጥልኝ።

መልስ 12

እዚህ ላይ ጠብ ተነሳ። አሥራ ሁለተኛው ሰው ለበልና ማንሊሸር ሁለቱም 8 በ50 ስለሆኑ ጥይታቸው አንድ ነው፣ ስለዚህ ጋሼ ተሳስተዋል አለ። የጻፈው እንደ ማንኛውም የሚያውቅ ሰው ነው። አንባቢ በቀላሉ ሊያምነው ይችላል።

መልስ 13

ቨርጂኒያ የሚኖር የድሮ ቀለህ ሰብሳቢ ተቆጣ። ስማቸው አንድ መሆኑ ጥይቱን አንድ አያደርገውም። የለበል ቀለህ የተወለደው ከውጅግራ ቀለህ ነው። ፈረንሳዮች አዲሱን ባሩድ ቶሎ ለመጠቀም ቸኩለው የግራውን ወፍራም ቀለህ ወደ 8 ሚሊ አጠበቡት። ስለዚህ ወገቡ ወፍራም ነው፤ ሁለት ጊዜ ይጠብባል። የማንሊሸሩ ቀለህ ቀጠን ያለ ነው። አንዱ በሌላው ጠመንጃ አይገባም። ይህ ወፍራም ቀለህ ፈረንሳዮችን ራሳቸውን ዓመታት አስቸግሯቸዋል። ሾሻ የሚባለው መትረየሳቸው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ካርታ የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። እስከዚህ ድረስ ግሩም ትምህርት ነበር። መጨረሻው ላይ ግን አሥራ ሁለተኛውን ሰው ከቁጥር ሌላ የማያነብ ብሎ ዘለፈው። ይህ አላስፈላጊ ነበር።

መልስ 14

አሥራ ሁለተኛው ተመልሶ መጣ። በጥይቱ ነገር መሳሳቱን አመነ። በስድቡ ግን ተከፋ። አሜሪካ ተቀምጦ በገንዘብ ቀለህ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ እኛ የምናውቀው ከአባቶቻችን የሰማነውን ነው አለ። ይህም እውነት አለው። ቨርጂኒያ ያለው ወንድማችን በዚያው ምሽት ይቅርታ ጠይቋል። ሁለቱንም አመሰግናለሁ።

መልስ 15

ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ አንድ ሰው የውጅግራ ጥይት ሰማይ ላይ መተኮሱን ተረከ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ለቅኝት ባሉን ያቆሙ ነበር። ተራው ጥይት ባሉኑን ይበሳዋል እንጂ አያነደውም። የሚያቃጥል ኬሚካል ለመያዝ ወፍራም አረር አስፈለገ። ያኔ የ1874ቱ 11 ሚሊ ከመጋዘን ወጣ። ለዚህ ሲባል የቪከርስ መትረየስ በ11 ሚሊ ተሠርቶ አውሮፕላን ላይ ተገጠመ። ያረጀ የተባለው ጥይት ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላ ዘመን አየ። ከጥያቄዬ በጣም የራቀ ነው፤ ግን ደስ ብሎኝ አነበብኩት።

መልስ 16

ቀጣዩን ሳነብ ግን ዝም አልኩ። አንዲት እህት ናት። ሰፈሯ በቅርቡ ጦርነት ያለፈበት ነው። ልጆቿ ከግቢያቸው ቀለህ ለቅመው እንደሚጫወቱ ጻፈች። እያፏጩበት። ለእሷ ቀለህ ማለት ያ ነው። እኛ እዚህ ተሰብስበን የጥይት ልክ በሚሊ ሜትር ስንከራከር ልቧ እንደቆሰለ፣ ለምን እንደምናስጌጠው እንደማይገባት ተናገረች። ቃሏ ኃይለኛ ነበር። ማንንም ግን አልሰደበችም።

መልስ 17

የእኔ ነው። ልክ ነሽ አልኳት። ጥይት የሚሠራው ሰው ለመግደል ነው፤ ይህን ረስቶ ስለ ናሱ ውበት ብቻ ማውራት ትክክል አይደለም። የእኔ ጥያቄ ግን የተነሳው ከአያቴ ነው። አያቴ ጥይት አልተኮሰችም። ሰው የገደለ ይሁን ያልገደለ የማይታወቅ ቁራጭ ናስ በእጇ ገባ፤ ኩል አድርጋ ዓይኗን ተኳለችበት። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ያንን መንገድ ነው። ልጆችሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ ብዬ ጨረስኩ። መልሴን አንብባ አሜን አለች። ከዚያ በላይ አልጻፈችም።

መልስ 18

ከጂንካ የጻፈ ወጣት የሐመር ሴቶች ባዶ ቀለህ በቆዳ ልብሳቸው ላይ ለጌጥ እንደሚደረድሩ ነገረን። አጭር መልስ ናት። አያቴ ብቻዋን እንዳልሆነች አሳየችኝ።

መልስ 19

አንድ ሰው አጎቱ ጋ በቀንድ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ያልተተኮሱ የውጅግራ ጥይቶች እንዳሉ ጻፈ። አንዱን ሰንጥቆ ባሩዱን ለማየት አስቧል። ምክር ጠየቀ።

መልስ 20

መልስ የሰጠው የቀድሞ የፖሊስ ባልደረባ ነው። በጥብቅ አስጠነቀቀ። አሮጌ ጥይት ሞቷል ብሎ ማሰብ አደጋ ነው። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ከሆነ ከመቶ ዓመት በኋላም ይነዳል። በቂጡ መሃል ያለችው ትንሽ ካፕሱልም ብትመታ ልትነሳ ትችላለች። መሰንጠቅ፣ መቀጥቀጥ፣ እሳት አጠገብ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። በአሮጌ ጠመንጃ መሞከርማ ጭራሽ። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ጥይትንም እንደሚመለከት አስታወሰ። አጎትየው በአቅራቢያቸው ላለ ፖሊስ ቢያሳውቁ ይሻላል አለ። እኔም ይህን አጥብቄ እደግፋለሁ። ባዶ ቀለህ ሌላ ነው፤ የተሞላ ጥይት ሌላ ነው።

መልስ 21

በመሃሉ እኔ የካሊፐሩን ልክ አስቀምጬ ነበር። የከንፈሩ ስፋት 17 ሚሊ ሊሆን ጥቂት የጎደለው ነው። ከከንፈሩ በላይ ያለው አካል ከ14 ሚሊ ትንሽ ያንሳል። ቂጡን በሎሚና በአመድ አሽቼው ሦስት ፊደላት ወጡ። ኤስ፣ ኤፍ፣ ኤም።

የቨርጂኒያው ሰብሳቢ እዚህ ላይ ያደረገልኝን አልረሳም። ፊደላቱን ወዲያው አወቃቸው። ሶሲዬቴ ፍራንሴዝ ዴ ሙኒሲዮን፤ የፓሪስ ጥይት ፋብሪካ ነው። ግን በዚህ ብቻ ውጅግራ ነው ማለት አንችልም አለ፤ ፋብሪካው ለብዙ ዓይነት ጠመንጃ እየሠራ ይሸጥ ስለነበር። ስለዚህ የራሱን ቀለሆች ከመደርደሪያ አውርዶ ከእኔ ልክ ጋር አስተያያቸው። ቬተርሊው ወደቀ፤ ከንፈሩ ከእኔው በአንድ ሚሊ ገደማ ያንሳል። ረሚንግተኑ በከንፈሩ ይመሳሰላል፤ አካሉ ግን ከ14 ሚሊ በላይ ስለሆነ እሱም ወደቀ። ውጅግራው በሁለቱም ልክ ገጠመ።

ቁመቱስ? ፎቶውን አጉልቶ ሲያየው አፉ ላይ የመጋዝና የሞረድ ምልክት አገኘ። ቀለሁ ተቆርጧል። ትከሻውና አንገቱ አብረው ሄደዋል። 59 የነበረው 46 የሆነው ለዚህ ነው። ሦስተኛው መልስ ሰጪ ወዲያው መጥቶ በደስታ ተቀበለው። ቬተርሊ ባለመሆኑ አዝኖ ነበር፤ እኔም እንደሱ። ለእናቴ እንደገና መደወል ነበረብኝ።

መልስ 22

የመጨረሻው የእናቴ ነው፤ እሷ በስልክ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩላት። ለምን እንደተቆረጠ ስጠይቃት ሳቀች። ይህን ብትጠይቀኝ ኖሮ ሌላ ሰው ባላስቸገርክ ነበር አለችኝ።

የአያቴ አጎት ውጅግራ ነበራቸው። ጥይት ውድ ስለነበር ቀለሆቹን እየሞሉ እየደጋገሙ ይተኩሱ ነበር። የዚህኛው አፍ በመጨረሻ ተሰነጠቀ። ጥይት መሆኑ ሲያበቃ ለእህታቸው ልጅ ለአያቴ ሰጧት፤ ለሠርጓ። የተሰነጠቀውን አንገት የቆረጠው የገበያው አንጥረኛ ነው። ዋጋው አንድ ቅል ቅቤ ነበር። ውታፉና መኳያው ከወይራ ነው የተሠሩት፤ እነሱን ራሷ አያቴ ናት የጠረበችው።